«ይውጣ» እና «ይርዘም»

ባለፈው ጥቅምት የፊልም ስክሪፕቴን ለአምስት ሰው ሰጠሁ። ለአንዱ በቴሌግራም ላክሁለት፣ ለአራቱ በወረቀት። 94 ገጽ በአራት፣ 376 ገጽ። ኮፒ ማሽኑ የራሴ ባይሆን ኖሮ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የምሰጠው። አሁን ሳስበው እሱም ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ጎንደር ፒያሳ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር። ቀን ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ማታ የራሴን። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ጸሐፊ ነኝ» እላለሁ። በየትኛው ትርጉሙ እንደሆነ አልነግረውም።

ከሱቄ ትንሽ ወጣ ብዬ ብቆም ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ሲኒማ ቤት ይታየኛል። ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ደግሞ የዚህ ከተማ ልጅ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስደዋል። አባታቸውም ቲያትር እየጻፉ በየገጠሩ ዞረው ያሳዩ ነበር። ስለዚህ «ጎንደር ተቀምጦ ፊልም ይጻፋል እንዴ?» ለሚሉኝ መልስ አላጣም። ያጣሁት ሌላ ነው። የጻፍኩትን አንብቦ ምን እንደጎደለው የሚነግረኝ፣ ሥራው ይሄው የሆነ ሰው አጠገቤ የለም። ያሉኝ ጎረቤት፣ ዘመድና ደንበኛ ናቸው።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አጠገባችን ባለችው አዘዞ ላይ ከአባታቸው የወረሱት ወፍጮ ቤት አላቸው። ታላቁ ፈንታሁን፣ ታናሹ ሰጠኝ። ፈንታሁን ወፍጮ ቤቱን ለመሸጥ በስውር ተዋውሏል። ሰጠኝ ደርሶበታል፣ ማወቁን ግን አልተናገረም። ወፍጮው ሲዞር ደግሞ የሰው ድምፅ አይሰማም። በእጅ፣ በአገጭ፣ በቅንድብ ነው ሥራው የሚሠራው። ስለዚህ ሳይነጋገሩ መዋል ይችላሉ። አንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ሞተሩ ቀስ እያለ ይቆማል። ጸጥ። ከእንግዲህ በቅንድብ መግባባት የለም። ይሄ የሚሆነው ገጽ 31 ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላውን 93 ገጽ የጻፍኩት ለዚያች ገጽ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የይሉኝታ ሳምንት ነበር። «አሪፍ ነው።» «በርቺ!» «አንቺ ልጅ እጅሽ ይባረክ።» አንዷ ገና ሦስት ገጽ እንዳነበበች ገብቶኛል፣ ምክንያቱም ስለ ወፍጮ ቤት ሳይሆን ስለ ቀብሩ ብቻ ነው የምታወራው። ቀብሩ ገጽ 2 ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰዉ ተፈታ።

ፋርማሲስቷ ጎረቤቴ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ሁሉም ጥሩ ነው የኔ ቆንጆ። ግን ያቺ መብራት የምትጠፋባት ቦታ ትውጣ። ምንም አይሆንባትም እኮ። ደግሞ ቤታችን የሚጠፋው አይበቃንም?»

በማግስቱ ባጃጅ ነጂው መጣ። ሁልጊዜ የመኪና ሰነዱን ኮፒ የማደርግለት ልጅ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ጮኸልኝ። «እታለም! የመብራቱን አርዝሚው! እዚያ ጋ ስደርስ ተሳፋሪ አሳልፌያለሁ!» ወረቀቱን መሪው ላይ አድርጎ ነው የሚያነበው። ይህን ፖሊስ እንዳይሰማ።

አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ የአስራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ላከልኝ። ቲያትር የተማረ ነው፣ ለተከታታይ ድራማም ሁለት ሦስት ክፍል ጽፏል። ስለዚህ ከአምስቱ በጣም የምፈራው እሱን ነው። በአሥር ገጽ ውስጥ ግጭት ከሌለ ተመልካች ይሄድብሻል አለኝ። ወንድማማቾቹ ገጽ 31 ላይ ይደባደቡ። ሴት የለችም፣ ሴት ትግባ። ከዚያ ደግሞ ፒዲኤፉን በቀይ አርሞ ላከልኝ። ሰዎቼ የሚያወሩት እኛ እንደምናወራው ነው፣ «አንች» ይላሉ፣ «እሽ» ይላሉ። እሱ ሁሉንም «አንቺ» እና «እሺ» አድርጎታል። ቆጠርኩት፣ 64 ቦታ። የፊደል ግድፈት መስሎት ነው። ሰጠኝ ታላቁን «ወንድምዓለም» ብሎ በጠራበት ቦታ ሁሉ ደግሞ «ይከብዳል፣ በስሙ ይጥራው» ብሎ ጽፏል። ይቺን አስተያየት ልብ በሉልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ። ያን ቀን ግን ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። እኛ ቤት ታላቅ ወንድም በስሙ ተጠርቶ ያውቃል? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?

የባሰው ነገር፣ ባጃጅ ነጂው በዚያው ሳምንት ስለዚያው ቋንቋ ሌላ ቅሬታ ነበረው። «ይሄ ሰጠኝ የምትይው ልጅ የአዘዞ ልጅ አይደለም። ገጽ 40 ላይ 'በጣም አዝናለሁ' ይላል። ማነው እንዲህ የሚለው? ዜና አንባቢ ነው?» ለአንዱ ሰዎቼ ባላገር በዙበት፣ ለሌላው ከተሜ ሆኑበት። ያው ስክሪፕት ነው።

አዘዞ ሄጄ ሁለት ቀን የዋልኩበት ወፍጮ ቤት አለ። ሠራተኛውም አንባቢዬ ነበር። ሃያ ገጽ አንብቦ አቆመ፣ ጊዜ የለኝም አለ። ግን ከሃያው ገጽ ያመጣልኝ ሁለት ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። አንደኛ፣ «ገጽ 8 ላይ ሰጠኝ ቺንጋው እየዞረ እጁን ሰዶ ዱቄት ይጠርጋል ብለሻል። እንግዲያው ገጽ 9 ላይ እጅ የለውም።» ቺንጋ ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበት ቀበቶ ነው። ሁለተኛ፣ «ድንጋዩ የሚወቀረው መቼ ነው? አንድም ቦታ አልተወቀረም። ያልተወቀረ ድንጋይ ዱቄቱን ያግለዋል፣ አያልመውም። ደንበኛ ይሸሻል።» ስሰማው ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ወፍጮ ቤቱን የሸጠ ሰው ድንጋይ ለመውቀር ለምን ይደክማል? ፈንታሁን መውቀሩን ከተወ እኮ ልቡ መሄዱን ዱቄቱ ይናገርበታል። ይሄን እኔ በሁለት ዓመት አላሰብኩትም።

አጎቴ ደግሞ አለ። በወጣትነቱ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ፊልም አይወድም። ስክሪፕቱን ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ከፊደል እስከ ነጥብ አነበበው። ጠርዙ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ፦ «የአባታቸው ተዝካር መቼ ወጣ?» አባትየው ሞተዋል፣ ተቀብረዋል፣ አርባው አልተነሳም። አጎቴ ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ ይቺን ያዘ። ገጽ 30 አካባቢ ደግሞ አንድ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ረሳሁት» አለኝ።

እንግዲህ ምን አደረግሁ? ሁሉንም ሰማሁ።

ማንንም ማስቀየም አልወድም። ደንበኛ «ፎንቱን አሳድጊልኝ» ሲል የማሳድግ፣ «መልሺው» ሲል የምመልስ ሰው ነኝ። ስክሪፕቱንም እንደ ማመልከቻ ያዝኩት። ሴት አስገባሁ፣ ከባሕር ዳር የመጣች። ወንድማማቾቹን ዱቄት ውስጥ አደባደብኳቸው። የመብራቱን ቦታ አወጣሁት። ከዚያ ባጃጅ ነጂው አሳዘነኝና መለስኩት። ከዚያ ፋርማሲስቷ ሱቅ ስትገባ አፈርኩና ግማሹን አወጣሁት። ጥር ላይ ጥምቀት መጣ፣ ከተማው በእንግዳ ሞላ፣ ማንም ስለ ስክሪፕት አላነሳብኝም። ሁለት ሳምንት ተነፈስኩ። እሱ ሲያልፍ እንደገና ጀመርኩ። ሰባተኛው ቅጂ 118 ገጽ ሆነ። ተዝካሩ ገብቷል፣ ድብድቡ አለ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሰጠኝ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ ይሳደባል።

ለባጃጅ ነጂው ሰጠሁት። ሁለት ቀን ይዞት ቆይቶ መለሰልኝ። «ይሄ የማን ነው?» አለ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም። ለደንበኛ የተየብኩትን ጽሑፍ በስህተት የሰጠሁት መስሎት ነበር።

ያን ሰሞን ለአጎቴ ነገርኩት። እሱ እንደሆነ አይገርመውም። «እኛ ቅኔ ስንማር የቆጠርነውን፣ ማለት የገጠምነውን፣ ይዘን የምንሄደው ወደ የኔታ ነው። የኔታ ያርማሉ፣ በቃ። ለመንደሩ ሁሉ አናዞርም። አንቺ ሰባት የኔታ አበጀሽ።» አምስት ናቸው ብዬ አላረምኩትም። እኔም መልስ ነበረኝ። ቅኔ የሚሰማው የሚያውቅ ሰው ነው፣ ባይሆን እንኳ ሊቃውንቱ እዚያው ቆመው ይሰማሉ። ፊልም የሚያየው ግን ባጃጅ ነጂው ነው፣ ፋርማሲስቷ ናት። እነሱን ትቼ ማንን ልጠይቅ? «እሱስ ልክ ነሽ» አለና ትንሽ ዝም አለ። «ግን እኔ የጠየቅሁሽ የማውቀውን ነው። ተዝካር አውቃለሁ። ስለ ድብድቡ ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ የማላውቀውን እቀባጥር ነበር።»

ይቺን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በእርግጥም የወፍጮ ቤቱ ሰው ስለ ቺንጋና ስለ ድንጋይ፣ አጎቴ ስለ አርባ ሲናገሩ የሚቃረናቸው አልነበረም። ማንም «ቺንጋ ውስጥ እጅ ይገባል» ብሎ አልተከራከረኝም። የሚጣሉት ስለ ጣዕም ሲሆን ነው። ይርዘም፣ ይጠር፣ ይውጣ፣ ይግባ። የእውቀቱን ወዲያው አረምኩ። የጣዕሙን ምን እንደማደርገው ግን አሁንም አላወቅሁም።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ፈረንጆቹ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይላሉ። ያ ሒሳብ በኩሪየር ፊደል፣ በ12 መጠን ከተጻፈ የእንግሊዝኛ ገጽ የመጣ ነው። ኩሪየር የእኛን ፊደል አያውቅም። ደግሞ የእኛ ግስ ሰውየውንም ድርጊቱንም የተደረገበትንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። «አላስነገረችኝም» ስል አንድ ቃል ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ገጽ መቁጠሩን ተውኩና ሱቁን ዘግቼ፣ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ፣ ስክሪፕቱን ቆሜ እየተወንኩ ለካሁት። ገጽ 31 ዘጠኝ መስመር ናት። መብራት ይጠፋል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ሰጠኝ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ፈንታሁን ሚዛኑን ያያል። ስሠራት ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ወሰደች። ፋርማሲስቷ ዘጠኙን መስመር በዓይኗ ስትጠርጋቸው አምስት ሰከንድም አልፈጀባትም። «ምንም አይሆንባትም» ማለቷ ወረቀቱ ላይ እውነት ነው። ባጃጅ ነጂው ግን ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። እሱ ጸጥታውን ሰምቶታል።

ደስ አለኝ። ግን ይሄ ግማሹን ነው የሚፈታው።

ሌላውን ግማሽ ያመጣችልኝ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ናት። ሰኔ ላይ ሱቄ የተማሪ ናት። እያንዳንዱ መምህር የሞነጫጨረበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክላለሁ። ይቺ ልጅ ሁለት ቅጂ ይዛ መጣች። ሁለት አማካሪ ነበራት። አንዱ በቀይ አርሟል፣ አንዱ በእርሳስ። ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ቀዩ ላይ አንድ አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዞ «ይውጣ» ተብሏል። እርሳሱ ላይ ያው አንቀጽ ተከቦ «ይስፋፋ» ይላል። ልጅቷ ዓይኗ ሞልቷል። «የቱን ልስማ?»

እኔ ምን አውቄ! አንቀጹን ግን አነበብኩት። አልገባኝም። አንድ ቃል አለ፣ አራት ጊዜ ተደጋግሟል። ከፍ ብዬ ቀደም ያሉትን ገጾች አየሁ። የት ጋ ተፈታ? የትም። «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» አልኳት። ነገረችኝ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት አድርጋ። «እሱን ነው እንዴ ያልጻፍሽው?» ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሰን አስገባነው። ያልገባው አንዱ መምህር ይውጣ አለ፣ ያልገባው ሌላው ይስፋፋ አለ። የቀዩና የእርሳሱ ትእዛዝ ተቃራኒ ነው፣ ጣታቸው ያረፈው ግን አንድ ቦታ ነው። ልጅቷ ከፍላ ሄደች። እኔ የሱቁን በር ዘጋሁና መሳቢያዬን ከፈትኩ።

የጥቅምቱን ቅጂዎች፣ የመጀመሪያዎቹን፣ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። የአዲስ አበባውንም አተምኩት። ምን እንደተጻፈ ማንበቤን ትቼ የት እንደተጻፈ ብቻ አየሁ። ፋርማሲስቷ፣ ገጽ 31። ባጃጅ ነጂው፣ ገጽ 31፣ የዘይት አሻራ ያለበት። አዲስ አበባ፣ «እዚህ ይደባደቡ»፣ ገጽ 31። የአጎቴ የተረሳች የጥያቄ ምልክት፣ ገጽ 30 ግርጌ። የወፍጮ ቤቱ ሰው እዚያ አልደረሰም።

በማግስቱ ፋርማሲ ሄድኩ። «ምን ይስተካከል?» ብዬ አልጠየቅኋትም። «ታሪኩን እስኪ ንገሪኝ፣ የምታስታውሺውን ያህል» አልኳት። መድኃኒት እየቆጠረች ነገረችኝ። «ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አባታቸው ሞተዋል። ታላቁ ተንኮለኛ ነው፣ ተደብቆ ሊሸጠው ነው። ታናሹ ምስኪን ምንም አያውቅም...»

«አያውቅም?»

«የት ጋ ነው ያወቀው?»

የት ጋ ነው ያወቀው! ገጽ 12 ላይ ነዋ! ሱቄ ተመልሼ ገጽ 12ን አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «ሰጠኝ ወረቀቱን ያያል።» ሦስት ቃል። ሌላ የለም። የምን ወረቀት? በሕይወቴ ስንት መቶ የሽያጭ ውል እንደጻፍኩ እንጃ። ለእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ውል ነው። ለሌላው ሰው የዱቄት ሒሳብም ይሆናል፣ የመብራት ቢልም ይሆናል።

ታናሹ ማወቁን የማያውቅ አንባቢ ገጽ 31 ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ጨለማ ውስጥ ቆመው ያያል። ቢሰለች ይፈረድበታል? አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ድብድቡን የፈለገው ነገሩ እንዲወጣለት ነው። ባጃጅ ነጂውስ እንዴት ገባው? ጠየቅሁት። «አያቴ ቤት ሊሸጥ ጊዜ አባቴ እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር» አለኝ። እኔ ያልጻፍኩትን ከራሱ ቤት አምጥቶ ሞላልኝ። የወደደው የእኔን ስክሪፕት ይሁን የራሱን አባት አላውቅም።

ሰባተኛውን ቅጂ ትቼ፣ ሐምሌን ሙሉ በጥቅምቱ ቅጂ ገጽ 12 ላይ ተቀምጬ ከረምኩ። ወረቀቱ በቅርብ ይታይ፣ «የሽያጭ ውል» የሚለው ይነበብ አልኩ። ጥሩ። ግን ሰጠኝ ካየ በኋላ ምን ያደርጋል? ካለቀሰ፣ ከተቆጣ ምስጢሩ ወጣ። ምንም ካላደረገ ተመልሼ እዚያው ነኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ደንበኛ የለም፣ እኔ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ አትሜ አሥር ጊዜ ቀድጄ እጥላለሁ።

ከዚያ ያንን የተናደድኩበትን ፒዲኤፍ እንደገና ከፈትኩት። ቀይ በቀይ ነው። «በስሙ ይጥራው።» «በስሙ ይጥራው።» «በስሙ ይጥራው።» ገጽ 13 ላይም አለ። ሰጠኝ ውሉን አይቶ ይወጣል፣ ደንበኛ መጥቷል፣ ታላቁን ይጠራዋል። እኔ የጻፍኩት «ወንድምዓለም፣ ሰው መጥቷል» ነው። ጓደኛዬ ወንድምዓለምን ሰርዞ ከላዩ ላይ «ፈንታሁን» ብሎ ጽፏል።

ፈንታሁን፣ ሰው መጥቷል።

ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። አይጮህም፣ አያለቅስም፣ አይሰዳደብም። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድምዓለም ሲለው የኖረውን ሰው በስሙ ጠራው፣ አለቀ። ፈንታሁን ዞሮ ያየዋል። ወፍጮው ይነሳል። ከዚያ እስከ ገጽ 31 ድረስ መጠራራትም የለም፣ ቅንድብ ብቻ። ሌሎቹን የጓደኛዬን እርማቶች አንዱንም አልተቀበልኩም። «አንች» እንደ አንች ቀረ። ይቺን አንዲቷን ግን ወሰድኩ፣ እሱ ባላሰበው ምክንያት።

ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ወጥ አድርጊው እንጂ። አንድ ቦታ በስም፣ አንድ ቦታ በማዕረግ፣ ተመልካች ግራ ይጋባል» አለኝ። እሽ አልኩት። አላደረግሁትም።

እናቴ ስክሪፕት አታነብም። የጥቅምቱን ዝርዝር ሳወጣም አላሰብኳትም። ባለፈው እሑድ ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ አዲሱን ቅጂ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ላንብብልሽ?» አልኳት። «አንብቢ» አለች። ድምፄን ለሁለት ከፍዬ ጀመርኩ። እሷ ቡናውን ታምሳለች፣ ዓይኗ ምጣዱ ላይ ነው፣ ትስማ አትስማ አላውቅም። ቀብሩ አለፈ። ድንጋዩ ሳይወቀር ቀረ። ዱቄቱ ጋለ። ሰጠኝ ወረቀቱን አየ፣ አጥፎ እንደነበረ አስቀመጠው፣ ወጣ።

«ፈንታሁን፣ ሰው መጥቷል።»

የማማሰያው ድምፅ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት። እጇ ምጣዱ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«በስሙ ጠራው?»

ዝም አልኳት።

«ታላቁን? ምን አድርጎት ነው... ኧረ! ያ ወረቀት! ሸጦበት ነው!» ቡናው መጨስ ጀመረ። «ቀጥይ እስኪ ቀጥይ!»

ቀጠልኩ። ገጽ 31 ደረስኩ፣ መብራት ጠፋ፣ ሞተሩ ቆመ። ጸጥታውን በልኩ ይዤ፣ በለካሁት ሰዓት፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ያረረውን ቡና እየለቀመች ስትሰማኝ ቆየች።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ይቺ የመብራቷ ረዘመች።»

እርሳሴን አነሳሁና ጠርዙ ላይ ጻፍኩት። እማዬ፣ 31፣ ትጠር።